ሥዕል ሠሪውና የእትዬ ደብሪቱ እንቁላሎች

ቤት ከመሠራቱ በፊት ሥዕሉን የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ።

ናርዶስ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ እመጣበታለሁ። «መምህር፣ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ በአንድ ዋት ከአሮጌው የበለጠ ይሠራል ብለው ያስተምሩናል። ታዲያ ለምንድነው በየዓመቱ የሚበላው ኤሌክትሪክ የሚጨምረው? ዋጋውስ ለምን ይወደዳል?» ነው ያልሽኝ። ነገሩ ግራ ያጋባል። እኔንም ግራ አጋብቶኝ ኖሯል፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልሽም። ስለዚህ በቁጥር ከምመልስልሽ የዚህን ሰው ነገር ላጫውትሽ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ፕላኑን ይዞ ይመጣል። ፕላን ለብዙ ሰው መስመር ብቻ ነው፤ ቢያየውም ቤቱ አይታየውም። ሥዕል ሠሪው ያንን መስመር በኮምፒውተር ወደ ቤት ይለውጠዋል። ግድግዳው ቀለም ይቀባል፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያርፋል፤ በሩ ፊት ዛፍ ይቆማል። ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ ሥዕሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሰውየው አሰናድቶ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ይሠራል፤ እስኪጨርስ መጠበቅ ብቻ ነው።

የሚኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። እትዬ ደብሪቱ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ነበራቸው። ቁም ሳጥን የሚመስል፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማሽን ነው። እንቁላሉን ይደረድሩበታል፤ ሦስት ሳምንት ሙቀቱን ይጠብቃሉ፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ በአካባቢው ገጠር ላሉ ሴቶች ይሸጣሉ። ኑሯቸው በዚያው ነበር። የሁለቱ ቤት ቆጣሪ አንድ ነው፤ ከግቢው በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የሰውየው የመጀመሪያ ካርድ ትንሽ ነበረች። ድምፅ እንኳ የላትም። ጠዋት ሥዕሉን አስጀምሮ ይወጣል፤ ደንበኛ ያገኛል፣ ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ለምሳ ሲመለስ ሥዕሉ አልቆ ይጠብቀዋል። ሥዕሉ ያን ያህል የተዋበ አልነበረም። ዛፉ ዛፍ መሆኑ ያስታውቃል እንጂ ቅጠሉ አይለይም። ቢሆንም ሰዎች አይተው ቤታቸውን ያውቁት ነበር። አንዲት ሴት መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ ቤቷን በሥዕል አየችና «ይሄ መስኮት እኮ በቀጥታ ጎረቤቴ ጓዳ ውስጥ ያያል፤ አይሆንም» ብላ መስኮቱን አዛወረች። ሥዕሉ የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር።

ቀጥሎ የተሻለ ካርድ ወጣ ተባለና ገዛ። ውሸት አልነበረም፤ በእውነት የተሻለ ነው። አሮጌዋ ግማሽ ቀን ትፈጅበት የነበረውን ሥዕል ይሄኛው ረፋድ ላይ ይጨርሰዋል፤ ለዚያው ሥዕል የሚበላው ኤሌክትሪክም ከድሮው ያነሰ ነው። ሰውየው ደስ አለው። «ከእንግዲህ ሥራዬን በጊዜ ጨርሼ አርፋለሁ» አለ።

ግን አላረፈም። ጊዜ ስለተረፈው ለዛፉ ቅጠል ጨመረለት። አንድ ደንበኛ ቅጠሉን አይቶ ወደደው። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ለእሱ ቅጠል ሠርተህለት ለእኔ ሣሩስ?» አለው። ሣር ጨመረ። ከሣሩ በኋላ ዝናብ የነካው ድንጋይ መጣ፤ ከድንጋዩ በኋላ በመስተዋቱ ላይ የሚታይ ደመና። ወሩ ሳያልቅ ሥዕሉ እንደ ድሮው ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጅ ጀመር። ሰውየው ተቀምጦ አሰበ። ፈጣን ገዝቷል፤ የሚጠብቀው ግን ያንኑ ያህል ነው። የት እንደገባበት ሊያገኘው አልቻለም።

ከድልድዩ ማዶ ሌላ ሥዕል ሠሪ ነበረ። እሱ ደግሞ ከዚህኛው የበለጠ ካርድ ገዛ የሚል ወሬ መጣ። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ሞተር ሳይክሉን ሸጠና ሦስተኛ ካርድ ገዛ። ይሄ ካርድ እንደ ፊተኞቹ በመዳፍ የሚያዝ አልነበረም፤ እንደ ጡብ ይከብዳል። ዋጋውም ድሮ ሙሉውን ኮምፒውተር ከገዛበት ይበልጣል። ቤት አምጥቶ ሲገጥመው አልነሳም አለ፤ ለካ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይም አብሮ ካልተቀየረ አይበቃውም። ያንንም ቀየረ። ከዚያ የግድግዳው ሶኬት መጋል ጀመረ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ አሳየው፤ ሠራተኛውም «ይሄ ሽቦ ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ ነው» አለው። ሽቦውንም አስቀየረ። ከግቢው በር ያለውን ቆጣሪ ግን ሊያስቀይር አልቻለም፤ የግቢው ባለቤት ሌላ አገር ነው፣ ያለ እሱ ፊርማ አይሆንም ተባለ።

ክረምት ነበረ። የከተማው ሰው ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ሰውየው በከናቴራ ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ካርዱ ክፍሉን እንደ ዳቦ ቤት ያሞቀዋል። የማራገቢያው ጩኸት ግድግዳውን አልፎ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ ሲነሳና የእሳቸው ማሽን ሙቀት ለመጨመር ሲነሳ ይገጣጠማሉ። ያኔ ቆጣሪው ላይ ያለው፣ ጭነት ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ቀጭ ይልና ይወርዳል፤ ሁለቱም ቤት ይጨልማል። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ ብሬከሩን መልሰው ያነሳሉ፤ ይገባሉ። አንድ ቀን በሩ ላይ ተገናኙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አሁን አሁን በዛ» አሉት።

«እትዬ፣ የመብራት ኃይሉ ችግር ነው። ኃይል እያነሰ ነው» አላቸው።

ሊዋሽ ብሎ አይደለም። እንዲያ መስሎት ነው። የራሱ ካርድ የወሰደውን እሱ ያነሰ ኃይል ብሎ ይጠራው ነበር።

አንድ ባለጸጋ ሰው ለልጁ መዳሪያ ብሎ ትልቅ ቤት ሊሠራ አሰበና ወደ ሥዕል ሠሪው መጣ። ሥዕል ሠሪው በዚህ ሥራ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ሰው ሊበልጠው ቆረጠ። ሥዕሉን በምሽት አደረገው፤ በየመስኮቱ መብራት በርቷል፣ መብራቱ በረንዳው ወለል ላይ ይታያል፣ ወለሉ ላይ የታየው ደግሞ ተመልሶ መስተዋቱ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ብርሃን ለካርድ ከባድ ነው፤ አንዱ ብርሃን ከቦታ ቦታ ሲነጥር እየደጋገመ መከተል አለበት። ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

በዚያው ሳምንት እትዬ ደብሪቱ ማሽናቸውን ሞልተው ነበር። በገጠር ያሉ ሴቶች ተሰብስበው ማኅበር መሥርተዋል፤ ጫጩት ሊያረቡ፣ ለዚያም የሚጠብቁት እሳቸውን ነው። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው የእትዬ ደብሪቱ የአክስት ልጅ ሞተችና ለቅሶ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሲወጡ የሥዕል ሠሪውን በር አንኳኩና የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡት።

«ልጄ፣ አድሬ ነው የምመጣው። ምንም አትሥራልኝ፤ መብራቱ ከጠፋ ብሬከሩን ብቻ አንሳልኝ። አደራ» አሉት።

«ምን ችግር አለ እትዬ። እዚሁ ነኝ» አላቸው።

እዚያው ነበረ እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ ባለጸጋው ደወለና ቤቱ የሚሠራበት ቦታ ድረስ እንዲመጣ ጠየቀው። ሰውየው ሥዕሉ ላይ እየሠራ ያለውን ካርድ አየ፤ ቢያቋርጠው የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ሊጠፋበት ነው። ቆጣሪውን ወጥቶ አየ፤ ብሬከሩ በቦታው ነው። «አንዴ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ካርዱን እየሠራ ትቶት ሄደ። ባለጸጋው ዘግይቶ መጣ። ከዚያ ዝናብ ጣለ። ሞተር ሳይክሉም ከተሸጠ ቆይቷል፤ ታክሲ ጠብቆ ሲመለስ መሽቷል። ግቢው ጨልሟል።

ብሬከሩን አነሳ። መጀመሪያ የሮጠው ወዴት ይመስልሻል? ወደ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ነው እትዬ ደብሪቱ ትዝ ያሉት። የሰጡትን ቁልፍ ይዞ ገባና ማሽኑን ነካው። ብረቱ ቀዝቅዟል። አሁን ግን መብራቱ በርቷል፤ ሙቀቱም ቀስ እያለ ሲወጣ አየ። «አሁን በቅርብ የጠፋ ይሆናል» አለ ለራሱ። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በማግስቱ ሲመለሱ «ትንሽ ጠፍቶ ነበር፤ አንስቼዋለሁ» አላቸው። እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» አሉት።

ሥዕሉን እንደገና አስጀምሮ ጨረሰው። እጅግ ያማረ ነበር። ወስዶ ለባለጸጋው አሳየው። ባለጸጋው በስልኩ ነበር ያየው፤ የስልኩ መስተዋት ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ሁለቴ በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና «በረንዳው ወደ ምሥራቅ ቢዞር ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ ይሞቅበታል» አለ።

«ብርሃኑስ? ወለሉ ላይ ያለው ብርሃን?» አለው ሥዕል ሠሪው።

«የቱ ብርሃን?» አለ ባለጸጋው።

ሥዕል ሠሪው ሊያሳየው ጣቱን ዘረጋ፤ ስልኩ ላይ ግን እሱ ራሱም አላገኘውም።

የመፈልፈያው ቀን ደረሰ። የማኅበሩ ሴቶች ካርቶናቸውን ይዘው፣ ጫጩት እንዳይበርደው ገለባ አንጥፈውበት በጠዋት መጡ። ሥዕል ሠሪው ድምፅ ሰምቶ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ የማሽኑን በር ከፈቱ። ከወዲያ ጥግ ጥቂት ጫጩቶች ይንጫጫሉ፤ ያ ሁሉ ሌላው እንቁላል ዝም ብሏል። እትዬ ደብሪቱ አንዱን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ሌላ አነሱ። ከዚያ አንዱን በጣታቸው ሰበሩት። ውስጡ ያለው ጫጩት ላባ አውጥቷል፤ ምንቃሩ ሳይቀር ሞልቷል። ሞቷል።

ከሴቶቹ አንዷ ካርቶኗን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ያዘችው። ሌላዋ «እትዬ፣ የእግዜር ነገር ነው» አለች። እትዬ ደብሪቱ የወጡትን ጥቂቶች ሰብስበው ሩቅ ለመጣችው ሰጡ። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ሥዕል ሠሪው ዞሩ።

«ትንሽ ነበር ያልከኝ» አሉት።

«መቼ እንደጠፋ አላውቅም እትዬ። ወጥቼ ነበር።»

«ወጥተህ ነበር። ያ ጩኸታሙ እየሠራ ነበር?»

«አዎ።»

እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ስንት ቢበላ ነው የሚጠግበው? አምና ያልነበረ ነገር ነው። አምና አንተም ትሠራ ነበር፣ እኔም እፈለፍል ነበር» አሉት።

«አሠራሩ እንዲያ ሆኖ ነው እትዬ። እኔ ያደረግሁት ነገር የለም» አላቸው። ይህን ብሎ ገባ። የተናገረው ለራሱም አልተዋጠለትም። ምን እንዳደረገ ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ካርዱን የገዛው ለሥራው ነው። ሥራውን የሚሠራው ሊኖር ነው። ለማንም ክፉ አላሰበም። እንቁላሎቹ ግን ሞተዋል። በዚያ ቀን ኮምፒውተሩን ሳይከፍተው ዋለ።

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ሥዕል ሠሪ ሄደ። ከዚያ በፊት ተነጋግረው አያውቁም። ያኛውም በከናቴራ ነበር፤ የእሱም ክፍል ይነድዳል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። ያንን ትልቁን ካርድ ለምን ገዛህ?» አለው።

ሌላኛው ደነገጠ። «አንተ ገዛህ ሲሉኝ ነዋ።»

«እኔ እኮ የገዛሁት አንተ ገዛህ ሲሉኝ ነው።»

ተያዩ። ማን ቀድሞ እንደገዛ ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ ወሩን ቢቆጥሩት አልገጥም አላቸው። ከደንበኞቻቸው መካከል እንዲህ ያለ ሥዕል ካልሠራህልኝ ያለ ሰው እንዳለ ተጠያየቁ። የሌላውን ሥዕል ሳያይ እንዲያ ያለ አንድም ደንበኛ አልነበረም። ሌላኛው «እኔማ ካርዴን እንደ አህያ እስኪደክመው ነው የምነዳው፤ አንተ እየመጣህብኝ ስለመሰለኝ» አለው። እሱም ቆጣሪው አስቸግሮት፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነበር።

ከዚያ ሥዕል ሠሪው ካርዱን ወደሸጠለት ሰው ሄደ። ሻጩ ደህና ሰው ነበር፤ አልሸሸገውም።

«ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ?» አለው።

«ካርዱ ገዘፈ፤ ማቀዝቀዣው ገዘፈ። ደግሞ በውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ለራሳቸው ሥራ በጅምላ ያነሱታል፤ ለእኔና ለአንተ የሚደርሰው ተራፊው ነው። ተራፊ ነገር ደግሞ ውድ ነው።»

«የሚበላውስ ለምን በዛ?»

«ካርድ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ሁለተኛ መሆን አይፈልግም። ካርዱ በመጠነኛ ኃይል ደህና አድርጎ ይሠራል። ግን ከተፎካካሪው በትንሽ እንዲቀድም ሲሉ ገና ከፋብሪካው እስከ መጨረሻው አስጋልበው ይልኩታል። ያቺ የመጨረሻ ትንሽ ፍጥነት ናት ብዙውን የምትበላው። ከፈለግህ በኮምፒውተርህ ማስተካከያ ገብተህ የኃይል ጣሪያውን፣ ከዚህ አይለፍ የሚባልበትን፣ ዝቅ ማድረግ ትችላለህ።»

«ይቻላል?»

«ድሮም ይቻላል።»

«ታዲያ ለምን ዝቅ አድርገው አይሸጡትም?»

«ሁለተኛ ይሆናላ» አለ ሻጩ። «ሁለተኛውን አንተስ ትገዛ ነበር?»

ሰውየው ተሰናብቶት ወጣ።

ቤቱ ገባ። ሻጩ የነገረውን ቦታ ፈልጎ የካርዱን ኃይል በሲሶ ቀነሰው። ይሄን ማድረግ ጣቱን ከማንቀሳቀስ በላይ አልጠየቀውም። ከዚያ ያንኑ የባለጸጋውን የምሽት ሥዕል እንደገና አስጀመረና አጠገቡ ተቀመጠ። ማራገቢያው ቀስ ብሎ ዝም አለ። እትዬ ደብሪቱ ደጅ ላይ እህል ሲበጠር ይሰማል፤ ለካ ይሄን ድምፅ ከሰማ ቆይቷል። ብሬከሩ አልወረደም። ሥዕሉ ድሮ ከሚያልቅበት ዘግይቶ አለቀ፤ የዘገየው ግን አንድ ሰው ጎረቤት ደርሶ ሰላም ብሎ የሚመለስበትን ያህል ነው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ቅጠሉን ከቅጠሉ፣ ደመናውን ከደመናው አስተያየ። አንድ ናቸው።

እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎት ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። ይብስ ግራ ገባው። ሲሶው ለሥዕሉ ካልነበረ፣ ለማን ነበር? ለደንበኛው አይደለም፤ ደንበኛው አላየውም። ለእሱ አይደለም፤ ያተረፈለት ጊዜ ሰላምታ አይሞላም። እነዚያ ላባ ያወጡ ጫጩቶች የሞቱት ለምኑ ነው? 

ከዚያ ተነስቶ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሄደና ሁሉንም ነገራቸው። እህሉን እያበጠሩ ሰሙት።

«እንዲህ መቀነስ ከተቻለ በፊት ለምን አላደረግኸውም?» አሉት።

«አልጠየቅሁም እትዬ። የሚቀነስ ነገር መሆኑ በሐሳቤ አልመጣም። እንዲበልጥ ብቻ ነበር የምፈልገው።»

«ከምን እንዲበልጥ?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት» አለ።

እትዬ ደብሪቱ ሰፌዱን አስቀመጡ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም። «እንግዲህ ነገ እንቁላል ላመጣ ነው። ሴቶቹ ተመልሰው እንደሚመጡ እንጃ። አብረኸኝ ትሄድና ምን እንደሆነ አንተው ትነግራቸዋለህ» አሉት። አብሯቸው ሄደ። ነገራቸውም። ሴቶቹ ስለ ካርድ የተናገረውን አልተረዱትም፤ ግን ደጃቸው ድረስ መጥቶ የእኔ ጥፋት ነው ያለ ሰው አይተው ካርቶናቸው ውስጥ ገለባ አንጥፈው ለመጠበቅ ተስማሙ። በሚቀጥለው ዙር ጫጩቶቹ ደህና ወጡ።

አሁን ጥሩ ሆነ ብለሽ እንዳትጨርሺው። በዓመቱ አራተኛ ካርድ ወጣ። ከሦስተኛው ይበልጣል፤ ከሦስተኛውም ይበላል። አንድ ደንበኛ ሥዕል ሠሪውን «ከድልድዩ ማዶ ያለው ትንሽ ይፈጥናል አሉ» አለው። ሰውየው በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የቀነሰውን ኃይል መልሶ ሊጨምር እጁን ዘርግቶ ነበር። ሁሉን አይቶ፣ ሁሉን አውቆ፣ እጁ ግን ሄደች። ማስተካከያው ጋ ልትደርስ ስትል መለሳት። ደንበኛው ሄደ፤ አልተመለሰም። ሌሎች ቀሩ። ትክክል ሠርቼ እንደሆነ እንጃ ይል ነበር፤ እስካሁን እንዲያው ነው የሚለው።

ናርዶስ ልጄ፣ ጥያቄሽ እዚህ ውስጥ አለ። አዲሱ ካርድ በአንድ ዋት ከአሮጌው የበለጠ መሥራቱ እውነት ነው፤ መምህራንሽ አልዋሹሽም። የበለጠ መብላቱም እውነት ነው። ሁለቱ የሚጣሉ የሚመስለን መብላቱን ሁሉ ከሥራው የመጣ ስለምናደርገው ነው። ሥራ ልክ አለው። ሴትዮዋ መስኮቷን ካዛወረች ሥዕሉ ሥራውን ጨርሷል። ከሌላው ላለማነስ የሚበላ ግን ልክ የለውም፤ ልኩ ያለው እሱ ዘንድ ሳይሆን ሌላኛው ዘንድ ነውና፣ ሌላኛውም እሱን ነው የሚያየው። የካርዱ ጥበብ የሚያተርፈውን ይሄ ፉክክር ከእጁ እየቀማ ይበላበታል። ፋብሪካዎቹ እነዚያ ሁለት ሥዕል ሠሪዎች ናቸው፤ ሥዕል ሠሪዎቹም እኛ ነን። ከግድግዳው ወዲያ ያለውም ሰው በዚያው ሽቦ ነው የሚኖረው።

የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት በእውነት የምታስፈልገው ሰው አይጠፋም፤ የበሽታ መድኃኒት የሚፈልግ፣ የዝናብን መምጣት የሚያሰላ። ለእሱ ትሁንለት። ማን ቀድሞ ዝቅ ያድርግ ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን አላውቅም። ቀድሞ ዝቅ ያደረገው ደንበኛ እንደሚያጣ አይተሻል፤ ሌላው እስኪያደርገው መጠበቅ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል አይተሻል። በዚህ መካከል ነው እኔም የቆምኩት።

አባትሽ ለትምህርትሽ ካርድ ሊገዙልሽ እንዳሰቡ ነግረሽኛል። ግዢ፤ ሥራሽ ይፈልገዋል። ሻጩ ስንት ይፈጥናል የሚለውን ሳትጠይቂው ይነግርሻል። አንቺ ገጥመሽ ስታስነሺው፣ ጣሪያው የት እንደሆነ ፈልጊና ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። ሥራሽ ጎደለብኝ ካለሽ ከፍ አድርጊው። ከፍ ልታደርጊው እጅሽ በሄደ ጊዜ ሁሉ ግን የላካት ሥራሽ ይሁን ሌላ ሰው፣ መጀመሪያ እጅሽን ጠይቂያት።